ትሉ እየበላው ሥሩ ለምን ይወፍራል?

ሥርቆፋሪ
ሰላም ወገን። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ ሰነበተና ልጠይቃችሁ። አንድ የቲማቲም ተክል ጠውልጎብኝ ነቀልኩት። ሥሩን አጥቤ ሳየው ልክ እንደ መቁጠሪያ ነው፣ እብጥ፣ ቅጥን፣ እብጥ፣ ቅጥን። የሥር እባጭ ኔማቶድ የሚባል ረቂቅ ትል ነው አሉኝ፣ ሜሎይዶጋይን የሚባለው። እሺ ይሁን። ግን አልገባኝም። ነቀዝ እህል ሲበላ እህሉ ቀፎ ይሆናል። ተምች ቅጠል ሲበላ ቅጠሉ ይበጣጠሳል። ይሄኛው ሲበላ ግን ሥሩ ይወፍራል! የሚበላ ነገር ይቀንሳል እንጂ እንዴት ይጨምራል? ያለኝ መጽሐፍ «ኔማቶዱ የተክሉን ሴሎች እድገት በመለወጥ ይመገባል» ብሎ በአንድ መስመር አልፎታል። እንዴት አድርጎ ነው የሚለውጠው? በዓይን የማይታይ ትል ተክልን «እንዲህ ሁን» ለማለት ምን ሥልጣን አለው?

የጓሮ_እናት
ልጄ፣ እኔም በዚህ ነገር ተሸውጃለሁ። ባቄላ ተክዬ ሥሩ ላይ እባጭ ሳይ «ጎሽ፣ ናይትሮጅን እያመጣልኝ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ አፈሩን መልሼ አለበስኩት። አንድ ወር ሳይሞላው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ለካ ትሉን ነው እያሞቅኩ ያስተኛሁት።

እንቡጥ
እናታችን፣ እሱ ላይ የማይሳሳት የለም። መለያው ቀላል ነው። የናይትሮጅኑ እባጭ (ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት) ሥሩ ጎን ላይ እንደ ዶቃ የተለጠፈ ነው፣ በጣት ሲገፉት ይወድቃል፣ በደንብ የሚሠራ ከሆነ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ነው። የኔማቶዱ ግን ሥሩ ራሱ ነው ያበጠው። ልንቀለው ቢሉ ሥሩ ነው የሚበጠሰው።

አሁን ወደ ሥርቆፋሪ። ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ተሳስተሃል። ትሏ ሥሩን እየበላች አይደለም። (ትሏ ያልኩት በምክንያት ነው፣ እባጭ ውስጥ ተቀምጠው የምታገኛቸው በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።) ነቀዝ ሴሉን ያኝከዋል። እሷ የምትመገብበትን ሴል መግደል አትችልም። ከገደለችው ራሷ ትሞታለች። ስለዚህ ሴሉን በሕይወት ማቆየት ብቻ ሳይሆን ማወፈር አለባት። ላም እንደ ማርባት አድርገህ አስበው፣ እንደ ማረድ ሳይሆን እንደ ማለብ።

ለምን ትሞታለች ካልክ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከእንቁላል የምትወጣው ሁለተኛ ደረጃ እጭ ናት፣ የመጀመሪያውን ቆዳዋን እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ጥላ ነው የምትወጣው። ርዝመቷ 0.4 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከእናቷ የወረሰችው ስብ አላት፣ በዚያ ስብ ላይ ነው ሥር እስክታገኝ የምትቆየው። በሥሩ ጫፍ አካባቢ፣ ሴሎቹ ገና እየረዘሙ ባሉበት ለስላሳ ቦታ ላይ ትገባለች። ከዚያ ወደ ጫፉ ትወርዳለች፣ ጫፉ ላይ ትዞራለች፣ ተመልሳ በመካከለኛው የውሃና የምግብ ቧንቧ በኩል ትወጣለች። የሚገርመው አንድም ሴል ሳትበሳ ነው፣ በሴሎቹ መሀል እየተሹለከለከች። ደረሰች፣ ጭንቅላቷን ለጥቂት ሴሎች አስጠጋች፣ መርፌዋን አስገባች። ከዚያ በኋላ የሰውነቷ ጡንቻ እየሟሸሸ ይሄዳል። መሄድ የሚባል ነገር አበቃ። ቀሪ ሕይወቷን በሙሉ ከእነዚያ ጥቂት ሴሎች ነው የምትበላው። ሴሎቹ ቢሞቱ ተነስታ ሌላ ቦታ መሄድ አትችልም።

ሥርቆፋሪ
ኧረ ይሄማ ሌላ ነገር ነው። ታዲያ እነዚያ ጥቂት ሴሎች ምን ይሆናሉ?

ባለ_አራት_ፊደል
ግድግዳቸው ይፈርስና ይዋሃዳሉ። አንድ ትልቅ ሴል ይሆናሉ፣ ብዙ ኒውክለስ፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚቀመጥበት አስኳል፣ ያለው።

እንቡጥ
ወንድሜ ይቅርታ፣ ሁለት ትሎችን ቀላቅለሃቸዋል። ብቻህን አይደለህም፣ ባለሙያዎቹም ለብዙ ዓመት እንደዚያ ያምኑ ነበር።

ግድግዳ አፍርሶ ማዋሃድ የሲስት ኔማቶዶች ሥራ ነው፣ ሄቴሮዴራና ግሎቦዴራ የሚባሉት፣ የሹገር ቢቱና የድንቹ ጠላቶች። (ሹገር ቢት ስል ስኳር የሚወጣበትን፣ ቀይ ሥር የሚመስለውን ማለቴ ነው።) እነሱ አንድ ሴል ይመርጣሉ፣ ከዚያ የዚያ ሴል ግድግዳ ወደ ጎረቤቱ ይከፈታል፣ የጎረቤቱም ወደ ቀጣዩ፣ እንዲህ እያለ እስከ 200 ሴል የሚደርስ አንድ ትልቅ አዳራሽ ይሆናል። ሲንሲቲየም ይሉታል። በየክፍሉ መሀል ያለውን ግድግዳ እያፈረስክ ቤቱን አዳራሽ ስታደርገው ማለት ነው።

የሥር እባጩ ሌላ ዘዴ ነው ያለው። ከ5 እስከ 7 የሚሆኑ ሴሎችን ይይዛል። ግድግዳቸው አይፈርስም። ኒውክለሱ ይከፈላል፣ ሴሉ ግን አይከፈልም። በተለመደው መንገድ አንድ ሴል ሲከፈል መጀመሪያ አስኳሉ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ መሀላቸው አዲስ ግድግዳ ይሠራል። እዚህ ግን ግድግዳው መሠራት ይጀምርና ይቋረጣል። በሁለት ቀን ገደማ ሁለት ኒውክለስ ያለው ሴል ታያለህ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ሴል ውስጥ ከመቶ በላይ ሊቆጠር ይችላል። ሴሉ ከአካባቢው ከነበረው ሴል እስከ 400 እጥፍ ይገዝፋል። ግዙፍ ሴል የሚባለው እሱ ነው።

በውጭ የምታየው እባጭ ደግሞ ግዙፉ ሴል አይደለም። በዙሪያው ያሉት ተራ ሴሎች እየተባዙና እየወፈሩ የሠሩት ጉብታ ነው። ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው፣ ሥሩ የወፈረው እየተበላ ስላልሆነ ነው፣ ወጥ ቤት እየተሠራበት ስለሆነ ነው።

ባለ_አራት_ፊደል
እሺ ተቀብያለሁ፣ እኔ ሲንሲቲየሙን ነው ያነበብኩት። አንድ ነገር ግን ልጨምር። በሲንሲቲየሙ ውስጥ ኒውክለሶቹ አይከፈሉም፣ ግን ዲኤንኤያቸውን ያባዛሉ። ማለትም መጽሐፉን ደጋግመው ይገለብጣሉ፣ ሁለት መጽሐፍ አድርገው ግን አይለያዩትም። በግዙፉ ሴል ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አለ፣ መከፈሉም ማባዛቱም። ሁለቱ ትሎች በተለያየ መንገድ ሄደው አንድ ቦታ ነው የደረሱት፣ ብዙ የዲኤንኤ ቅጂ ያለው፣ ፕሮቲን በገፍ የሚያመርት፣ ሥራ የበዛበት ሴል። ለእኔ ይሄ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለቱ የየራሳቸውን መንገድ ያገኙት ለየብቻቸው ነው ተብሎ ነው የሚታመነው።

ለምን_እንዴት
እኔ እዚህ ክር ላይ ያለውን ቋንቋ መጠየቅ እፈልጋለሁ። «ትሏ ታስገድዳለች»፣ «ትሏ ትሠራለች»፣ «ወጥ ቤት»። ትሉ አእምሮ የለውም ማለት ይቻላል፣ ጥቂት መቶ ነርቭ ነው ያለው። ምናልባት ተክሉ ቁስሉን ለመከላከል ሲል ያብጣል፣ ትሉም ባበጠው ይጠቀማል። እኛም ስንቆስል እናብጣለን። «መቆጣጠር» የሚለው ቃል ከየት መጣ? ማስረጃ ነው የምፈልገው፣ ተረት አይደለም።

እንቡጥ
ጥሩ ነጥብ ነው፣ እውነትም ብዙ ሰው ሳያስብ ነው «ይቆጣጠራል» የሚለው። ግን ማስረጃ አለ።

አንደኛ፣ ተክሉን በመርፌ ብትወጋው ግዙፍ ሴል አይሠራም። ቁስል ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ትሏ ከሞተች ወይም ሰው ካወጣት ግዙፎቹ ሴሎች ማደጋቸውን ያቆማሉ፣ ይከሳሉ። ይህ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። አንዴ ተገፍቶ በራሱ የሚሄድ መኪና ቢሆን ኖሮ ትሏ ብትሞትም ይቀጥል ነበር። በየጊዜው አንድ ነገር እየገባ መሆን አለበት።

የሚገባው ደግሞ ከምራቋ ነው፣ ምራቅ ብለን እንጥራው። ጉሮሮዋ አካባቢ ሦስት ትልልቅ ዕጢዎች አሏት። ሁለቱ በስር በኩል፣ አንዱ በላይ በኩል። ሁለቱ በጉዞ ጊዜ ነው በጣም የሚሠሩት። ተቀምጣ መመገብ ስትጀምር እነሱ ይደክማሉ፣ የላይኛው ያብጣል፣ ሥራውን ይረከባል። እንዲህ ያለ የፈረቃ ለውጥ በአጋጣሚ አይመጣም።

ለምን_እንዴት
በመርፌ መውጋቱ አሳምኖኛል። የምራቁ ነገር ግን ይቀጥል፣ ምን አለው ውስጡ?

ባለ_አራት_ፊደል
ይሄን ለእኔ ተውልኝ፣ የምወደው ክፍል ነው።

በጉዞ ጊዜ የሚረጨው በአብዛኛው የግድግዳ መፍቻ ነው። የተክል ሴል ግድግዳ ሴሉሎስና ፔክቲን ነው። እንስሳት ሴሉሎስን ራሳቸው መፍጨት አይችሉም ተብሎ ነበር የሚታመነው፣ ላምም ብትሆን ሆዷ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው የሚያግዟት። በ1998 ግን የሲስት ኔማቶዶች የራሳቸው የሴሉሎስ መፍቻ ጂን እንዳላቸው ታወቀ፣ ሆዳቸው ውስጥ ካለ ባክቴሪያ የሚመጣ ሳይሆን እዚያው ዲኤንኤያቸው ላይ የተጻፈ። ከዚያ ጂኑን ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽሩት ከእንስሳት ጂን ይልቅ የባክቴሪያ ጂን ይመስላል። ማለት የሆነ ጊዜ፣ በጣም ድሮ፣ ቅድመ አያታቸው ከባክቴሪያ ጂን ወስዷል። በውርስ ሳይሆን በስርቆት። በ2004 ደግሞ ኤክስፓንሲን የሚባለውን፣ ግድግዳውን ሳይቆርጥ የሚያላላውን ፕሮቲን፣ የድንቹ ሲስት ኔማቶድ እንደሚሠራ ተገኘ። እስከዚያ የተክል ንብረት ነው ይባል ነበር።

ግን ይሄ በር መስበሪያ ነው። ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚሠራው ነው የሚያስደነግጠው።

ተክሎች በሴሎቻቸው መሀል የሚላላኩባቸው አጫጭር ፕሮቲኖች አሏቸው፣ ሲኤልኢ የሚባሉ፣ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ። «አንተ ግንድ ሴል (ስቴም ሴል፣ ገና ሥራው ያልተለየ) ሆነህ ቆይ»፣ «አንተ ቧንቧ ሁን» የሚባባሉበት ነው። የሲስት ኔማቶዶች ዕጢ ውስጥ የዚህ መልእክት ግልባጭ አለ። ግልባጭነቱ እውነት መሆኑን ለማየት በ2005 አንድ ሙከራ ተደረገ። አራቢዶፕሲስ የምትባለው የላብራቶሪ ተክል ሲኤልቪ3 የሚባለው የራሷ ጂን ሲበላሽ ጫፏ ያለ ልክ ይወፍራል። ለዚህች ለተበላሸችው ተክል የትሉን ጂን ሰጧት። ተስተካከለች። ከትል የመጣ ጂን የተክልን ጂን ቦታ ተክቶ ሠራ! ለምን_እንዴት፣ ይሄስ ተረት ነው?

ለምን_እንዴት
አይ። ይሄ ጥሩ ነው። እጄን ሰጥቻለሁ ማለት ግን አይደለም።

የጓሮ_እናት
እኔ ሁሉም አልገባኝም፣ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የሰው ማኅተም አስቀርጾ በሰው ስም ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሌባ ነው አይደል?

እንቡጥ
እናታችን፣ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ያስረዱት እርስዎ ነዎት። ልክ እንደዚያ ነው። ደብዳቤው የተክሉ ማኅተም አለበት፣ ተክሉም ታዛዥ ሠራተኛ ነው፣ የታዘዘውን ይሠራል።

አንዳንዴ ደግሞ ማኅተም ማስቀረጽም አያስፈልጋትም፣ ፖስታ ቤቱን ነው የምትይዘው። ኦክሲን የሚባለውን ሆርሞን ታውቁታላችሁ፣ ሥር የት እንደሚበቅል፣ ሴል የት እንደሚከፈል የሚወስነው። በምግብ ቦታው ላይ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ኦክሲን ይከማቻል። ከሲስት ኔማቶድ ምራቅ አንድ ፕሮቲን ተገኝቷል፣ ላክስ3 ከሚባለው ከተክሉ ኦክሲን አስገቢ በር ጋር የሚጣበቅ። በሩን ይበልጥ ከፈት ያደርገዋል ተብሎ ይታሰባል። በ2015 ደግሞ የሹገር ቢቱ ሲስት ኔማቶድ ሳይቶካይኒን የሚባለውን የሴል መከፋፈል ሆርሞን ራሱ እንደሚያመርት ታየ። ያንን የሚሠራውን ጂን ሲያዳክሙበት ሲንሲቲየሙ ትንሽ ሆነ። የተክል ሆርሞን የሚያመርት እንስሳ!

ሥርቆፋሪ
ቆይ ቆይ። አንድ ጥያቄ። ሴል ሳይከፈል ኒውክለስ ብቻ መከፋፈሉ፣ ይሄን ትሏ ነች የፈጠረችው? ማለቴ ተክሉ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን ነገር በምራቅ ብቻ እንዴት ታስተምረዋለች?

እንቡጥ
አላስተማረችውም። ይሄ ነው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ፣ እኔም ብዙ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

ተክሉ ይሄን ያውቃል። ዘር ውስጥ ለጽንሱ የሚሆነው ምግብ፣ ኢንዶስፐርም የሚባለው፣ በብዙ ተክሎች ላይ ሲጀምር ልክ እንደዚህ ነው። ኒውክለሱ ይከፋፈላል፣ ግድግዳ አይሠራም። የኮኮናት ውሃ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ውሃ ኢንዶስፐርም ነው፣ ውስጡ ነጻ ኒውክለሶች የሚንሳፈፉበት። ግዙፉ ሴል ሲበስል ግድግዳው ወደ ውስጥ እንደ ጣት እያበቀለ ይሸበሸባል፣ የሽፋኑ ስፋት እንዲጨምርና ከቧንቧው ብዙ ምግብ እንዲሳብ። ይህም አዲስ አይደለም። ተክሉ ምግብ በፍጥነት ማሳለፍ በሚፈልግበት ቦታ ሁሉ፣ ዘሩ ከእናቱ በሚመገብበት ቦታ ጭምር፣ እንዲህ ያሉ ሴሎችን ይሠራል። የኦክሲኑ ክምችት ደግሞ የጎን ሥር ሲጀመር ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል።

ስለዚህ ትሏ ከተክሉ መጽሐፍ ውስጥ ከተለያየ ምዕራፍ ገጽ እየቀደደች ነው የምታነበው። ከዘሩ ምዕራፍ አንድ ገጽ፣ ከሥሩ አንድ ገጽ፣ ከቧንቧው አንድ ገጽ። ገጾቹ የተክሉ ናቸው። ቅደም ተከተሉ ነው የእሷ። ሥር ውስጥ፣ ጽንስ በሌለበት፣ የጽንስ ምግብ ይሠራል። የሚበላው ጽንስ ግን እሷ ናት።

ባለ_አራት_ፊደል
ኡፍ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብኩት።

አወያይ
ክሩ ጥሩ እየሄደ ነው፣ ቀጥሉ። በውስጥ መስመር «ፎቶ ለጥፉ» ያላችሁኝ፣ ሥርቆፋሪ ካለው ይለጥፋል፣ አታጨናንቁት።

ለምን_እንዴት
እሺ፣ አሁን ደግሞ የእኔ ተቃውሞ ሁለተኛው ዙር። ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ፣ ያንን ምራቅ ወስዳችሁ ከውስጡ ያለውን አንድ ፕሮቲን ለሴል ስትሰጡት ግዙፍ ሴል መውጣት ነበረበት። ይወጣል?

እንቡጥ
አይወጣም። አንዱን ብቻውን ስትሰጥ ሥሩ ሊረዝም ይችላል፣ ሊያጥር ይችላል፣ ተክሉ ለበሽታ ሊጋለጥ ይችላል። ግዙፍ ሴል ግን አይሆንም። ብዙ ፕሮቲን ነው፣ በጊዜ ቅደም ተከተል፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ሴል። በዚህ ላይ ትክክል ነህ፣ አንድ «አስማት ጂን» የለም። ግን ከምራቁ አንዱን ስትቀንስበት ይታወቃል። 16ዲ10 የሚባል የሥር እባጩ ትል ፕሮቲን አለ፣ በ2006 ተክሉ ራሱ ያንን ጂን ዝም የሚያሰኝ አርኤንኤ እንዲያመርት አደረጉት። ትሏ ስትመገብ ያንን ትውጣለች፣ ጂኗ ይዳከማል። እባጩም የእንቁላሉም ቁጥር በጣም ቀነሰ። አራት የተለያዩ የሥር እባጭ ዝርያዎች ላይ ሠርቷል።

ለምን_እንዴት
በቃ፣ ይሄን ወድጄዋለሁ። ትሉን በራሱ ማንኪያ ማብላት።

ሥርቆፋሪ
ስለ አበላሏ ራሱ ንገሩኝ። መርፌ አስገብታ ሴሉ ለምን አይፈስም? ፊኛ ብወጋው ይፈነዳል።

እንቡጥ
እዚህ ላይ ጥንቃቄዋ ያስገርማል። መርፌዋ፣ ስታይሌት የሚባለው፣ ግድግዳውን ይበሳል፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ስስ ሽፋን ግን አይቀድም። ሽፋኑ በመርፌው ዙሪያ እንደ ጓንት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ ቀዳዳ ትሆናለች። ከዚያ ምራቋ ሴሉ ውስጥ ይረጋና ቱቦ ይሠራል። መመገቢያ ቱቦ ይሉታል። በአንዱ በኩል የተዘጋ፣ በግድግዳው በኩል ያጣራል፣ እንደ ወንፊት። የመርፌው ቀዳዳ ግማሽ ማይክሮሜትር አይሞላም፣ ሴሉ ውስጥ ደግሞ ከዚያ የሚበልጡ ነገሮች ሞልተዋል። ወንፊት ባይኖር መርፌዋ ይደፈናል። በልታ መርፌዋን ስታወጣ ቱቦው እዚያው ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ትሠራለች። አሮጌ ግዙፍ ሴል በማይክሮስኮፕ ብታይ በውስጡ የተጣሉ ቱቦዎች ታገኛለህ፣ ድግስ ያለፈበት ቤት ይመስላል።

የጓሮ_እናት
እኔ ልጠይቅ። የሚቋቋም ነው ተብሎ ዘር ገዝቼ ነበር። ሻጩን አልጠራም፣ ብጠራውም ምን ይጠቅመኛል። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሆነ። ሁለተኛው ዓመት ያ ሙቀት የበረታበት ጊዜ ሥሩ እንደገና መቁጠሪያ ሆነ። ዘሩ ሐሰተኛ ነበር ወይስ ትሉ ተማረ?

ባለ_አራት_ፊደል
ሁለቱም ላይሆን ይችላል እናቴ። ቲማቲም ነበር? ከሆነ ሙቀቱን ነው የምጠረጥረው። ብዙዎቹ የሚቋቋሙ የቲማቲም ዝርያዎች ያላቸው አንድ ጂን ነው፣ ኤምአይ-1 ይባላል። ከዱር ዘመዱ፣ ከሶላነም ፔሩቪያነም የመጣ ነው። ዱሩና የቤቱ በቀላሉ አይዳቀሉም፣ ስለዚህ በ1940ዎቹ ጽንሱን ከዘሩ አውጥተው በላብራቶሪ አሳድገው ነው ያዳቀሏቸው። የጂኑ ማንነት የታወቀው በ1998 ነው። ችግሩ የአፈሩ ሙቀት ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ይህ ጂን ሥራውን ያቆማል። ዘሩ እውነተኛ ሆኖም ሊከሽፍ ይችላል። (ትሉም የሚለምድበት አጋጣሚ አለ፣ እሱም እውነት ነው። አንዳንድ የትል ዘሮች ኤምአይ-1ን ያልፉታል።)

የጓሮ_እናት
ቲማቲም ነው፣ አዎ። እኔ ደግሞ ሰውየውን ስረግመው ነበር የከረምኩት። ይቅር ይበለኝ።

ሥርቆፋሪ
ያ ጂን ሲሠራ ግን ምን ያደርጋል? ትሏን ይገድላታል?

ባለ_አራት_ፊደል
እሷን አይነካትም! ገበታውን ነው የሚገለብጠው። ትሏ ልትቀመጥ ስትል ጭንቅላቷ አጠገብ ያሉት ሴሎች ራሳቸውን ይገድላሉ። የሞተ ሴል ግዙፍ ሴል ሊሆን አይችልም። እሷም ጡንቻዋ ገና ካልሟሸሸ ወጥታ ትሄዳለች፣ ካልሆነ በረሃብ ትሞታለች። እንቡጥ ከላይ «ሴሎቹ ቢሞቱ ተነስታ መሄድ አትችልም» ያለችውን አስታውሱ። ተክሉ ያንን ድክመቷን ነው የሚመታው።

አኩሪ አተር ላይ ያለው ደግሞ ለየት ይላል። አርኤችጂ1 የሚባል ቦታ አለ፣ ለሲስት ኔማቶድ ትልቁ መከላከያ። ለብዙ ዓመት «የትኛው ጂን ነው?» ሲባል በ2012 መልሱ ሲገኝ አንድ ጂን አልሆነም። 31 ሺህ የዲኤንኤ ፊደል አካባቢ የሆነ ቁራጭ፣ ለመከላከያው የሚሠሩ ሦስት ጂኖች ያሉበት፣ ተደጋግሞ የተቀዳ ነው። ደካማው ዝርያ አንድ ቅጂ ነው ያለው፣ ከሚቋቋሙት አንዳንዶቹ አሥር። መከላከያው በጂኑ ብቻ ሳይሆን በብዛቱ ነው። እዚያ ሲንሲቲየሙ ይጀመራል፣ ግን ሳይበስል ይከሽፋል።

ለምን_እንዴት
አንድ ነገር ይከነክነኛል። የሥር እባጩ ትል፣ ኢንኮግኒታ የሚባለው ዝርያ፣ ከ2,000 በላይ የተክል ዓይነት ያጠቃል ይባላል። ሲስቶቹ ግን መራጮች ናቸው። ማኅተም ማስቀረጽ ነው ካላችሁ፣ አንድ ሌባ የሁለት ሺህ ሰው ማኅተም እንዴት ይይዛል?

እንቡጥ
የእኔ ግምት፣ ግምት ነው እንግዲህ፣ የሁለት ሺህ ሰው ማኅተም አልያዘም፣ የሁሉም ቤት የሚጠቀምበትን አንድ ቁልፍ ነው የያዘው። የሴል መከፋፈል ዑደት በአበባም በጎመንም በዛፍም አንድ ነው። ኦክሲንም እንደዚያው። ዝቅ ብለህ ከመሠረቱ ከያዝከው የተክሉ ዓይነት ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሌላው የሚያስደንቀኝ ደግሞ ይሄ ዝርያ ያለ ወንድ ነው የሚራባው። ሴቷ ብቻዋን እንቁላል ትጥላለች፣ በዝልግልግ ነገር የተጠቀለለ፣ በብዙ መቶ የሚቆጠር። ያለ ፆታ የሚራባ ነገር ብዙ አይለወጥም ተብለን ነበር የተማርነው፣ እሱ ግን ዓለምን አዳረሰ። በ2008 ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤው፣ ሲነበብ የጂኖቹ ቅጂዎች እርስ በርሳቸው በጣም የተለያዩ ሆነው ተገኙ። ምናልባት መልሱ እዚያ አካባቢ ነው።

ሥርቆፋሪ
ወንድ ከሌለ ወንዶቹ ለምን ይኖራሉ? መጽሐፉ ላይ ወንድም ሴትም ሥዕል አለ።

እንቡጥ
ወንዶቹ የችግር ልጆች ናቸው ሃሃ። ምግብ ሲጠብ፣ አንድ ሥር ላይ ብዙ ሲጨናነቁ፣ ግዙፉ ሴል ደካማ ሲሆን፣ ሴት ልትሆን የነበረችው ወደ ወንድነት ልትዞር ትችላለች። ሴት መሆን ብዙ ምግብ ይጠይቃል፣ እንደ ዕንቁ ፍሬ ማበጥና ያን ሁሉ እንቁላል መሥራት አለ። ወንዱ ቀጭን ትል ሆኖ ከሥሩ ይወጣል፣ አይመገብም። ስለዚህ ትሏ ተክሉን ትቆጣጠራለች ስንል፣ የተክሉ ምግብ ደግሞ ትሏ ምን እንደምትሆን ይወስናል። ለምን_እንዴት፣ ይሄ ለአንተ ነጥብ ነው፣ ያዘው።

ለምን_እንዴት
ይዤዋለሁ። አሁን «መቆጣጠር» የሚለውን ቃል በግማሹ እቀበላለሁ።

ሥርቆፋሪ
ተመልሻለሁ። ትናንት ማታ ሥሩን በበረኪና አሳጥቤ፣ በአሲድ ፉክሲን ቀቅዬ ቀለም አስያዝኩት። (ምክሩን በውስጥ የላክሽልኝ እንቡጥ፣ አመሰግናለሁ፣ ጣቴ ግን ሮዝ ሆኖ ቀርቷል።) ትሎቹ ቀይ ሆነው ተለይተው ታዩኝ። ቀጫጭኖቹ ገና የገቡት ናቸው፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ወደ መሀሉ ቧንቧ ነው። ከዚያ አንድ ሌላ እባጭ ቀለም ሳላስይዘው በምላጭ በስሱ ቆረጥኩ። ሰባት ጊዜ ተበላሽቶብኝ ስምንተኛው ላይ ነጭ ዕንቁ የምትመስል፣ ክብ፣ አንገቷ ብቻ ቀጭን የሆነች ሴት አገኘሁ። ከአንገቷ ፊት ለፊት አምስት ትልልቅ ክፍት የሚመስሉ ሴሎች አሉ፣ ስድስተኛው ምላጩ ስር የሄደ ይመስለኛል።

ለምን_እንዴት
ሕይወት አላት?

ሥርቆፋሪ
ሰውነቷ ድንጋይ ነው። ግን ዝም ብዬ ብዙ ደቂቃ አየኋት፣ ጭንቅላቷ ብቻ በጣም ቀስ ብሎ ወደ ጎን ዞረ። ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው።

እንቡጥ
አዎ፣ የቀራት ጡንቻ እሱ ነው። ሰሃን ስትቀይር ነው ያየሃት።